ሙቀቱን የሚያካፍሉት አጎቴ

አጎቴን ሳስታውስ ላብ ላብ ይለኛል። ከአምቦ ወደ ጎጆ ከተማ ስንወጣ ዳገቱ ላይ የአሮጌው ጭነት መኪናቸው ሞተር ሲግል፣ በጠራራ ፀሐይ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል።

«ኦቦ፣ ሊጠብሱን ነው እንዴ?» ብሎ ተሳፋሪ ሲጮህ፣ «ሞተሩ ብቻውን ለምን ይቃጠላል? እኛም እንካፈለው እንጂ!» ብለው ይስቃሉ። ማሞቂያው ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ እኛ ስለሚያመጣው፣ የሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ እውነትም ይወርድ ነበር። ውሃው ሳይጎድል፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ሳይላላ መኪናው ለምን እንደሚግል ግን ሳይደርሱበት አረፉ።

ከቀብራቸው በኋላ ራዲያተሩን አስወረድኩት። ከደንዲ ስንጭነው ከኖርነው የጤፍ ጭድ የረገፈው ብናኝ ፊቱ ላይ ተጠቅጥቆ አየር አላሳልፍ ብሏል። በውሃ አጠብነው፤ አለቀ።

ትናንት ያንኑ ዳገት ስንወጣ መለኪያው ንቅንቅ አላለም። እሰይ ብዬ ዞር ስል፣ የአጎቴ ባለቤት እትዬ ከጎኔ ተቀምጠው መለኪያውን ትክ ብለው ያያሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ በረደኝ እኮ» አሉ፣ ፀሐዩ ፊታቸውን እየጠበሳቸው።

ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ጎጆ እስክንደርስ ሁለታችንም ላባችንን እየጠረግን ሳቅን።