የቶማሲን ብዕር

ቶማሲን ፔል ማንበብ ታውቃለች፤ መጻፍ ግን አታውቅም። በኦክሃም ከተማ ሴት ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ እንድታነብ ፊደል ትቆጥራለች እንጂ ብዕር አይሰጣትም። ምን ልታደርግበት? ይላሉ።

ባሏ አምብሮዝ የልጆች አስተማሪ ነው። ሰባኪው እሑድ እሑድ ከላቲንና ከፈረንሳይ የተዋሰውን ቃል ሲያዘንብ፣ ምእመኑም አፉን ከፍቶ ሲቀር እያየ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከባድ ከባዱን ቃል ከነፍቺው በቁራጭ ወረቀት ሲለቅም ኖሯል። ፍቺውን መጀመሪያ የሚያነበው ለቶማሲን ነው። ግንባሯን ከቋጠረች ሰርዞ እንደገና ይጽፋል።

«ይሄ ደግሞ ከቃሉ ይብሳል» ትለዋለች ሊጥ እያቦካች። «ሰው በሚናገርበት አፍ ተናገር እንጂ!»

ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ባረፉ በዓመቱ፣ ቃላቱን በመጽሐፍ ሊያትምለት የተስማማ የለንደን አታሚ «እስከ ሚካኤል በዓል በንጹሕ ገልብጠህ ካልላክህ ሌላ ሰው አለኝ» አለው። በዚያው ሰሞን የአምብሮዝ ዓይን ጠፋ። በዳበሳ ቢጽፍ መስመር በመስመር ላይ ወጣበት። ሦስት የእንቁላል ቅርጫት የሞላውን ቁራጭ ወረቀት በእግሩ ገፋ አደረገና «በቃ፣ ለምድጃ ይሁን» አለ። ቶማሲን ቅርጫቶቹን ከምድጃው አራቀች። የሰው ዕድሜ እኮ ነው!

«አስተምረኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«መጻፉን ነዋ። ያንን ደደብ የጋጋሪውን ልጅ እንኳ አስተምረህ የለ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመትሽ ነው።»

«አንተ ደግሞ አታይም። እንግዲያው ገጥመናል!»

አምብሮዝ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እጇን በእጁ ውስጥ አድርጎ የዝይ ላባውን ብዕር አስያዛት። ክረምት ከበጋ የልጅ እጅ ይዞ ያስጻፈ ሰው ነውና ለዚህ ዓይን አላስፈለገውም። መጀመሪያ ቀለሙን ከወረቀቱ ይልቅ መቀነቷ ጠጣው። ጣቷ ጠቁሮ ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ «የአስተማሪው ሚስት ምን ነካት?» ተባባሉ። እሷ እቴ! ሽንኩርቷን መርጣ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

ለሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው የመጨረሻው ቃል ተገለበጠ። የቀረው የፊት ገጹ ነበር። አምብሮዝ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ አስጻፋት፦ «ከባድ ቃል ለማይገባቸው ላልተማሩ ሴቶች መርጃ።»

ብዕሩ ቆመ።

«ጻፍሽ?»

«እየጻፍኩ ነው።»

መጽሐፉ ታትሞ በገና ዋዜማ ደረሰ። መዳፍ የምታህል ነገር ናት። አምብሮዝ ዳበሳት፣ አሸተታት፣ «ፊቷን አንብቢልኝ» አለ።

«ከባድ ቃል ለማይገባው ሰው ሁሉ መርጃ። በአምብሮዝ ፔል የተሰበሰበ።»

«ላልተማሩ ሴቶች ብዬ አልነበር?»

«ብለህ ነበር» አለች ቶማሲን፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጣ።

አምብሮዝ በዳበሳ እጇን ፈልጎ አገኘና ቀለም ያልለቀቀውን ጣቷን አሻሸው። «የኔ ነገር» አለ ቀስ ብሎ። «ደግ አደረግሽ። ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ብዕሩን አምጪና ከስሜ ሥር ስምሽን ጻፊበት።»

ቶማሲን ብዕሩን ነክራ ገጹ ላይ ጎንበስ አለች፤ እጇ ግን እንቢ አላት። ሁለት ሺህ ቃል ጽፋለች፤ ስሟን ግን አንድ ቀን ጽፋው አታውቅም።

«ነይ» አላት፤ እጇንም እንደ መጀመሪያው ቀን በእጁ ውስጥ አደረገው።