ማንም ያላመጣው ምንጣፍ

የትናየት ሳሎን የተነጠፈውን ምንጣፍ ያላየ የቀሐ ሰፈር ሰው የለም። አንዴ ያየው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ላለማየት ጣራ ጣራውን እያየ ነው የሚቀመጥ። መደቡ የተጠበሰ ጉበት ይመስላል። በዚያ ላይ የደፈረሰ ቢጫ ክብ ክብ ነገር ተበትኖበታል፣ ልክ እንደ ዓይን። የትም ጥግ ብትቀመጥ አንዱ ክብ አያጣህም። መሃሉ ላይ አንድ እንስሳ አለ። ምን እንስሳ እንደሆነ እስከ ዛሬ ሁለት ሰው ተስማምቶ አያውቅም። በግ ነው ያሉ አሉ፣ ግመል ነው ያሉም አሉ። የነፍስ አባቷ ቄስ ሐብተ ማርያም ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ሌላውን ክፍል አንድ አንድ ጊዜ ይረጩና ምንም ሳይናገሩ እሱ ላይ ይደግማሉ።

በሰፈሩ ምንጣፉን የሚያደንቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሙሉሰው ይባላል፤ አጥር የሚጋራት ጎረቤቷ ነው፣ የእድራችን ዳኛም እሱ ነው። በገባ ቁጥር ጫማውን በር ላይ ያወልቅና፣ «ሸጋ ምንጣፍ፤ አያያዝሽ ነው እንጂ የሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ አልቋል» ይላታል። እኛም የሙሉሰው ዓይን ደክሟል ብለን እናዝንለት ነበር።

የትናየት ራሷ ዓይን የሌላት ሴት እንዳትመስላችሁ። ጥልፍ ጠላፊ ናት። ለሙሽራ ቀሚስ ክር ስትመርጥ አንዱን ቀለም ካንዱ እያስጠጋች፣ ወደ በር ወጣ ብላ በፀሐይ እያየች፣ መልሳ እየፈታች ግማሽ ቀን ትውላለች። ሁለት ክር ካልተስማማላት ምሳ አይወርድላትም። እንግዲህ እሷ ናት ከዚያ እንስሳ ጋር ስትኖር የኖረች። መርፌዋን ይዛ ስትቀመጥ ጀርባዋን ለሳሎኑ፣ ፊቷን ለግድግዳው ሰጥታ ነበር። ደንበኞቿ ልማድ ይመስላቸዋል።

ምንጣፉ የመጣው ባሏ ማንያዘዋል የሞተ ጊዜ ነው። ያኔ ልጇ ሄለን ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። ሞቱ ድንገት ስለሆነ ቤቱ ለለቅሶ አልተሰናዳም። እድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ አግዳሚውን ደረደረ፣ ጎረቤት ደግሞ እንደ ወጉ ያለውን ይዞ ገባ፤ ማን ሰሌን፣ ማን ፍራሽ፣ ማን አጎዛ። በሦስተኛው ቀን የማንያዘዋል ታላቅ ወንድም አያ የሻው ከሳንጃ ደረሱ። በአይሱዙ ማሽላ ጭነው ነው የመጡ፣ ከማሽላው ላይ የተጠቀለለ ነገር ነበር። በማግስቱ የትናየት ቀና ስትል ያ እንስሳ ከለቀስተኞቹ እግር ስር ተኝቷል። ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችም። ባሏን ቀብራ የመጣች ሴት ስለ ምንጣፍ አትጠይቅም።

ለቅሶው ሲያበቃ እድሩ አግዳሚውንና ድስቱን ቆጥሮ ወሰደ። ሰሌንና ፍራሹንም የትናየት ለየባለቤቱ መለሰች። ምንጣፉ ግን ቀረ። በኛ ሰፈር ደግሞ ለለቅሶ ለመጣ ነገር አመሰግናለሁ አይባልም፤ ምስጋና የደስታ ነው። ዕቃውን ያመጣውም ሰው አምጡልኝ አይልም፣ ከለቅሶ ቤት ዕቃ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ የትናየት ተቀምጣ አሰበች። አይሱዙው ላይ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ያ ነገር ይሄ ነው። አያ የሻው ለወንድማቸው ቤት ያመጡት ነው። በቃ፣ ነገሩ ያን ቀን ተዘጋ።

አያ የሻው እንዲህ በዋዛ የሚታለፉ ሰው አይደሉም። ማንያዘዋል ከሞተ ወዲህ እናትና ልጅ የቆሙት በሳቸው ነው። ሰሊጡ በተሰበሰበ ቁጥር የነሱን ድርሻ ሳይልኩ ቀርተው አያውቁም። ግን ቅያሜ ያውቃሉ። የእህታቸው ልጅ እሳቸው የሰጡትን ፍየል ለሌላ ሰው ሰጠ ተብሎ ተኮራርፈው፣ ፍየሏ አርጅታ ሞታ እንኳ አልታረቁትም። በዚያ ላይ አስቀድመው ሳይናገሩ ነው የሚመጡ። ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ደግሞ ከፋሲል መዋኛ በእግር የሚደረስ ዘመድ ቤት እያለ ሌላ የት ይሄዳሉ። ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ እንስሳውን ትክ ብለው ያዩታል፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ዝም ይላሉ። የትናየት እሳቸውን እያየች ልቧ ይሞቃል። ስጦታቸው ደስ እንዳላቸው ነው የምታስብ።

አንዴ ሞክራለች። በረኪና ይዛ ወደ ቀሐ ወንዝ ወረደችና ቀለሙ ይሞት እንደሆን ብላ ፈተገችው። ይባስ ደመቀ። ቢጫው ጭራሽ ማየት ጀመረ። እንግዲያው ብላ ለማድረቅ በሚል ድንጋይ ላይ ዘርግታው ወደ ቤቷ ሄደች፤ ሌባ ላይ ተስፋ ጥላ መሆኑ ነው። ወደ ማታ አካባቢ አንድ ከደምቢያ የመጣ ገበሬ ምንጣፉን አህያው ላይ ጭኖ፣ ቤት እያጠያየቀ በሯ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ረስተሽው ነው። ሰው ሊወስድብሽ ነበር» አላት።

«እግዜር ይስጥህ» አለችና እራት አበላችው። ምን ታድርግ።

እንዲህ እያለ ሄለን አድጋ ነርስ ሆነች፣ የሚያገባትም መጣ። ሽማግሌ የተላከ ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጥሩ ተናጋሪ የተባለው፣ ተነስቶ ንግግሩን ጀመረ። መሃል ላይ ዓይኑ ዝቅ ሲል እንስሳው ላይ ወደቀና የልጅቷን ስም ረሳ። ጓደኛው ባያስታውሰው ኖሮ ማንን ሊጠይቅ እንደመጣ ሳይናገር ይመለስ ነበር።

የዚያን ዕለት ሄለን ወሰነች። «እማዬ፣ ሊሾው ተሰነጣጥቋል፣ ኮርኒሱ ወርዷል። ከሠርጉ በፊት ቤቱን እናድሰው። እሱ ደግሞ ይወጣል።»

«ኮርኒሱ?»

«እማዬ፣ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ።»

«አጎትሽ ቢቀየሙስ? ማን ቆሞ ሊድርሽ ነው? አባት የለሽ። እሳቸው ከቀሩ ሙሽራው እጅሽን ከማን ነው የሚቀበል?»

ሄለንም ብትሆን ያለ አጎቷ መዳር አትፈልግም። አባቷ ከሞተ ወዲህ አባቴ የምትለው ሰው እሳቸውን ብቻ ነው። ነገሩን እንዲህ አስታረቁት፤ ቤቱ ይታደሳል፣ ወለሉ ሴራሚክ ይሆናል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጓዳ ይገባል፣ አያ የሻው ሲመጡ ደግሞ ይወጣና ይነጠፋል። ለሠርጉ ዕለት የሚባለውን እግዜር ያመጣዋል።

ባምላክ የሚባል ሴራሚክ አንጣፊ መጣ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ አፉም እንደ እጁ ነው። ምንጣፉን ሲያነሳ «እትዬ፣ ይሄን ቆዳውን ገፈው ነው እንዴ የሰጡሽ?» አላት። የትናየት አልሳቀችም። ሳሎኑ ባዶውን ሲታይ ግን ወንበሯን አዙራ ፊቷን ወደ ክፍሉ አድርጋ ጠለፈች። ያን ቀን የጠለፈችው ቀሚስ ከሁሉ የበለጠ ነው ይባላል። እኔ አላየሁትም።

ሴራሚኩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ስልክ ተደወለ። አያ የሻው ናቸው።

«ትክል ድንጋይ ደርሻለሁ። መንገዱ ዛሬ ተከፍቷል ሲሉኝ ነው የተነሳሁ። በሠርጉ ሳምንት ይከፈት አይከፈት ማን ያውቃል።»

የትናየት ስልኩን ዘግታ ወደ ጓዳ ሮጠች። ምንጣፉን ከከሰል ማዳበሪያው ላይ ጎትታ አወጣችው። ያን ጊዜ ሙሉሰው ሴራሚክ ሊያይ መጥቶ ጥግ ላይ ጠላ ይዞ ተቀምጧል፣ እኔም አብሬው ነበርኩ። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩላት።

«እትዬ፣ እንዳታነጥፊው። በዚህ በኩል ሲሚንቶው አልደረቀም» አለ ባምላክ።

«በዚያ በኩልስ?»

«በዚያ በኩል ደርቋል። ግን አይበቃውም።»

«እጠፈው።»

አጥፈን አነጠፍነው። እንስሳው ከወገቡ በታች ብቻ ታየ። እንዲያ ሆኖ ይልቅ ይሻል ነበር።

አያ የሻው ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ሳሙ፣ መረቁ፣ ኮርኒሱን አዩ፣ ሴራሚኩን በከዘራቸው ኳ ኳ አደረጉት። ከዚያ ዓይናቸው እታጠፈው ምንጣፍ ላይ አረፈ። የትናየት ነጠላዋን ታጣጥፋለች፣ ትፈታለች።

«የትናየት» አሉ በመጨረሻ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ አትቀየሚኝ።»

«ምነው አያ፣ ምን ሆኑ?»

«ይሄን ነገር ለሠርጉም ልታነጥፊው ነው?»

«አያ፣ አንቱ እንዳሉኝ። ይነጠፍ ካሉ ይነጠፋል።»

«እኔ ምን አገባኝ። የባልሽ ዕቃ ነው። እሱን ለማስታወስ እንደምታነጥፊው አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው በየጥምቀቱ እየበላኝ ዝም ብዬ የምቀመጥበት። ለዚች ልጅ ቀን ግን…» ወደ ሄለን አዩ። «ለዚች ልጅ ቀን እንኳ ይለፈን ልልሽ ነው።»

ባምላክ የሲሚንቶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«የማንያዘዋል አይደለም» አለች የትናየት ቀስ ብላ። «አንቱ ነዎት ያመጡት። ለለቅሶው። በአይሱዙው።»

«እኔ?»

«ከማሽላው ላይ ተጠቅልሎ።»

«እሱማ የመኪናው ሸራ ነው። ይዤው ተመለስኩ።» አያ የሻው ከዘራቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «እንግዲህ ማንያዘዋል አልገዛውም?»

«በሕይወት እያለ ቤት ውስጥ አልነበረም።»

እኒህ ሰው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፣ ያን ቀንም አለቀሱ አልልም። ዓይናቸውን ግን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ወንድሜን ጠርጥሬው ኖርኩ» አሉ። «ምን ነክቶት ነው ይሄን የገዛ እያልኩ። የአባቴ ልጅ ዓይን ነበረው ለካ። ተመስገን።»

«ተመስገን» አለች የትናየትም፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ። ሄለን መጀመሪያ እናቷን ከዚያ አጎቷን አየች፣ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ስትስቅ ግን ይሰማል።

«ታዲያ ማነው ያመጣው?» አሉ አያ የሻው።

ይሄን ጊዜ ሙሉሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። «እኔ ቤተክርስቲያን ልድረስ» አለ።

«በዚህ ሰዓት ምን አለ?» አልኩት።

«ከውጭ ልሳለም።»

«ሙሉሰው» አለች የትናየት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ።

«ሸጋ ምንጣፍ ነው ስትለኝ የኖርከው…»

«ሸጋ ነው አልኩ እንጂ የኔ አይደለም አላልኩም።»

«ያንተ ነው?»

ሙሉሰው እግሩን እግሩን እያየ ተናገረ። መተማ ሄዶ ለሚስቱ ለአዝመራ የገዛላት ነው። ሻጩ ጣዎስ ነው ብሎታል። አዝመራ ተዘርግቶ ያየችው ዕለት ወይ እሱ ይኑር ወይ እኔ አለች። ሙሉሰው መጣያ ሲፈልግለት ማንያዘዋል ሞተ። «ለለቅሶ ሰው የሚቀመጥበት ሳመጣ ከልቤ ነው፣ እግዜር ያውቃል። በኋላ ሳትመልሺልኝ ስትቀሪ ግን አልጠየቅኩሽም። ነውር ነው።»

«ነውር ብሎ ነው» አለ ባምላክ ለሴራሚኩ።

«ሳትመልሺው ቀርተሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ባየሁት ቁጥር አደነቅኩልሽ» አለ ሙሉሰው። «እንዳትመልሺውም ብዬ።»

ሁላችንም የትናየት ትቆጣለች ብለን ጠበቅን። እሷ ግን ከት ብላ ሳቀች። ማንያዘዋል ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። «ያዙልኝ» አለች፣ «ለባለቤቱ እንመልስ።»

እኔና ባምላክ ተሸክመን፣ ሙሉሰው ከኋላ እየተከተለን፣ አጥሩን ዞርን። አዝመራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የተሸከምነውን ባየች ጊዜ ሁለቱን እጇን በበሩ ግራና ቀኝ ዘረጋች።

«ደግሞ መጣ እንዴ? እኔ እዚያው ተቀዶ ያልቃል ብዬ ነበር» አለች። «ይሄ ወደ ውስጥ ከገባ እኔ ኮላ ድባ እናቴ ቤት ነኝ።»

ምንጣፉን ተሸክመን መንገድ ላይ ቆምን። ከባድ ነው ደግሞ። በመጨረሻ የትናየት መጣችና ፈረደች። «ለለቅሶ የመጣ ነው፣ ለለቅሶ ይኑር። ለእድሩ ሰጥቼዋለሁ።» የእድሩ ዳኛ ሙሉሰው ስለሆነ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር መጋዘን ገባ። እዚያ ልኩን አገኘ። በለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ ለሚቀመጥ ሰው የሆነ ነገር ከስሩ ካለ ይበቃዋል፣ እንስሳው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ሠርጉ በባዶ ሴራሚክ ሆነ። አያ የሻው ሄለንን እጇን ይዘው ሰጡ፣ ከዚያ እስክስታ ሲወርዱ አዲሱ ወለል አንሸራቶአቸው ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ። «ምንጣፍ ቢኖር ኖሮ» ያለ ሰው ግን አልነበረም።

የትናየት አሁን ፊቷን ለሳሎኑ ሰጥታ ነው የምትጠልፍ። ሙሉሰው ደግሞ የእድሩን ደንብ አጥብቋል። ለቅሶ ሲያበቃ ራሱ ይመጣና ድስቱንም አግዳሚውንም ሳይነካ መጀመሪያ ምንጣፉን ያስጠቀልላል፤ መጋዘን ገብቶ በሩ ሲቆለፍ ሳያይ ወደ ቤቱ አይሄድም። ደግሞ በሯ ላይ እንዳይመጣ አዝመራ ናት ያዘዘችው ይላሉ።