የኤቬሊዮ ትንፋሽ

እኔ ቅል ፋቂ ነኝ። ሳቁ፣ ሁሉም ሰው ይስቃል። ረጅም የደረቀ ቅል ጀርባው ይተለተላል፣ በቀጭን እንጨት ፋቅ ፋቅ ታደርገዋለህ፣ በቃ ሙዚቃ ሆነ። ኦርኬስትራችን ውስጥ የኔን ስም የሚያስታውስ አልነበረም። ኤቬሊዮ ግን ዋሽንት ነፊ ነበር። እሱ ሲነፋ የከተማችን የማታንሳስ ሴቶች ባሎቻቸው አጠገባቸው መቆማቸውን ይረሱት ነበር። ይህን የምለው በቅናት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ በቅናት ነው።

የምንጫወተው ዳንሶን የሽማግሌ ጭፈራ ነው ተብሎ የጭፈራ ክለቦቹ ሲዘጉ፣ እኔ ጫማ ጥገና ገባሁ፤ እሱ ቃጫ ፋብሪካ ገባ። ጡረታ እስኪወጣ የቃጫ ብናኝ ሲውጥ ኖረ። ሲወጣ ሳንባው አልቆ ነበር፤ አንድ ደረጃ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል። ዋሽንቱን ግን አልሸጠም። በዚያ ክፉ የረሃብ ጊዜ፣ ሰው አልጋውን በስኳር ድንች ሲለውጥ፣ ሚስቱ ኤርሜሊንዳ «እንጨት ቀቅዬ ላብላህ እንዴ?» እያለች ስታለቅስ እንኳ አልሸጠም።

ያኔ ነው ቤጎኛ የምትባል ሴት ከስፔን የመጣችው። የተረሱ ሙዚቀኞች ዘጋቢ ፊልም ልሠራ ነው አለች፤ በእጇ የኦርኬስትራችንን አሮጌ ፎቶ ይዛለች።

«ሞተዋል ብለውኝ ነበር» አለች።

«ወረፋ ላይ ነን» አለቻት ፒያኖ መቺያችን ሴናይዳ። «እዚህ አገር ለመሞትም ወረፋ አለ።»

በሕይወት የተረፍነው ተሰባስበን ልምምድ ጀመርን። ኤቬሊዮ ዋሽንቱን ከጨርቅ ፈታ፤ እንጨቱ ደርቋልና በቀዳዳው የሸንኮራ አረቄ አፈሰሰበት። እኛ የምንጠጣው የለን፣ እሱ እንጨት ያጠጣል! ከዚያ ነፋ። ንፋስ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረ፤ ሳል ጥሎት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ቅሌን ማየት ጀመርኩ፤ እሱን ማየት አልቻልኩም።

ቤጎኛ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ እውነቱን ልናገር። አጠገቡ ተንበርክካ «ዶን ኤቬሊዮ፣ እርስዎ ዋሽንቱን ከንፈርዎ ላይ ብቻ ይያዙልኝ። ድምፁን በኋላ ሌላ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ይነፋዋል» አለችው።

«ልጄ፣ ገና አልሞትኩም» አላት። «ስሞት ደስ ያለሽን ከንፈሬ ላይ ታስቀምጫለሽ።»

ተስማሙ። በቀረጻው ቀን ከእሱ አፍ የወጣው ድምፅ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ፊልሙ ውስጥ ይገባል። ምንም ካልወጣ እሷ እንደፈለገች ታደርጋለች። እጁን ጨበጠችው፤ ሁላችንም አይተናል።

ወደ ቤት ስንሄድ ኤቬሊዮ በየጥጉ እያረፈ «ስማ ክሬሴንሲዮ» አለኝ። «ልጄ ኒዬቬስ የተወለደችው ክለቦቹ ከተዘጉ በኋላ ነው። እኛን ሸክላ ላይ የቀዳን ሰው አልነበረም። ልጄ አባቷን የምታውቀው ሲያስል ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ትስማኝ፣ ከዚያ ይበቃኛል።»

ክንዴን ሰጠሁት፤ እስከሚቀጥለው ጥግ ተደግፎኝ ሄደ።

የቀረጻው ቀን አሮጌው አዳራሽ በድሮ ደንበኞቻችን ሞላ። ኤርሜሊንዳ የባሏን ሸሚዝ ኮሌታ በሩዝ ውሃ አድርቃዋለች። በዳንሶን መግቢያው ሲመታ ማንም አይደንስም። ጥንዶች ቆመው ያወራሉ፣ ሴቶች በማራገቢያቸው ያራግባሉ፤ እግር የሚነሳው መግቢያው አልቆ ዋሽንት ዜማውን ሲይዝ ነው። መግቢያ ላይ የተወዛወዘ ሰው እናቱ ያላሳደገችው ነው ይባላል።

መግቢያውን መታን። አለቀ። ጥንዶቹ ተቃቀፉ። ኤቬሊዮ ነፋ፤ ሽው የሚል ነገር ብቻ ወጣ። ሴናይዳ ማንንም ሳታይ ጣቶቿን ወደ መግቢያው መለሰች፤ እኛም ተከተልናት። ጥንዶቹ ተላቀቁ፣ ቆሙ፣ ማራገቢያዎቹ ተዘረጉ። መግቢያ ነዋ! እንደገና አለቀ፤ እንደገና ንፋስ። እንደገና መግቢያ። አንድም ሰው አልተቀመጠም። ጉልበታቸው የሚያማቸው ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንዳቸውም አልተቀመጡም። ኤቬሊዮ ፊቱ ጠቁሮ ዋሽንቱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ከፊት የቆመች አንዲት አሮጊት ማራገቢያዋን ሳታቆም «እኛ አልቸኮልንም፣ ኤቬሊዮ» አለችው። «እኔ ራሴ ወሬዬን አልጨረስኩም።»

እንባዬ መጣ። መፋቄን ግን አላቆምኩም።

በሚቀጥለው ወጣለት። ቀጭን ነበር፣ ግማሹ ትንፋሽ፣ ግማሹ ዜማ። መተንፈስ በማይገባው ቦታ ይተነፍሳል፤ ደናሾቹ እግራቸውን አንጠልጥለው ይጠብቁታል፤ ዜማው ሲመለስ ያሳርፉታል። እንዲህ ሲጨፈር በዕድሜዬ አላየሁም። እስከ መጨረሻው ወሰደው። ከዚያ ወንበር ላይ ወደቀ፤ ኤርሜሊንዳ አፉን ስትጠርግለት እንደ ሕፃን ይስቃል።

«አሁን ኒዬቬስ ትሰማኛለች» አለ።

ፊልሙ በዓመቱ መጣ፤ ከተማው ሲኒማ ቤት አሳዩን። ቤጎኛ አልመጣችም። ኒዬቬስ ከምትኖርበት ከካማጉዌይ ድረስ መጥታ በአባቷና በእኔ መሃል ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ መግቢያውን አንድ ጊዜ ብቻ መታን። ኤቬሊዮ ዋሽንቱን አነሳ፤ ከዋሽንቱም የጠራ፣ ረጅም፣ አንድ ጊዜ እንኳ የማይቆራረጥ ድምፅ ወጣ። ጎበዝ ነፊ ነበር፣ ማንም ይሁን። ደናሾቹም እግራቸውን ያንጠለጠሉበት ቦታ ሁሉ ተቆርጧል። ቤጎኛ በአጠገቤ ብትኖር ቅሌን ራሷ ላይ እሰብረው ነበር።

አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ኒዬቬስ እያለቀሰች አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ፣ እንዲህ ነበር እንዴ የምትነፋው?» አለችው። «እኔ እኮ አላውቅም ነበር።»

ኤቬሊዮ በትከሻዋ በኩል አየኝ። እንዲህ ያለ ዓይን ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። ጭንቅላቷን ዳሰሳት።

«አዎ ልጄ» አላት። «እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ እኔም አጨበጨብኩ።