አባቷን ፍለጋ ሳጃና የመጣችው ሴት

የርጥብ ገለባ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ካርቱም፣ ሳጃና ያለችው ሻይ ቤት ትመጣብኛለች። ነፋሱን በረጠበ ገለባ እያሳለፈች ቤቱን የምታቀዘቅዘው የውኃ ማቀዝቀዣዋ እንዲያ ነበር የምትሸተው። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ እዚያ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ባለ ሻይ ቤቷ፣ በሩ ጋ ወንበሩን ግድግዳ ያስደገፈው የራክሻ ነጂ (ባጃጁን እዚያ ራክሻ ነው የሚሉት)፣ ዐማራት ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራውና አርብ አርብ የምታርፈው ልጅ፣ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው እንግዳ፣ የሻይ ቤቱን ቴፕ የጠገንኩት እኔ።

ጋሼ በንጉሡ ዘመን ስማቸው የገነነ ዘፋኝ እንደነበሩ ነው የምናውቀው። ሸክላቸው በየቡና ቤቱ ይዞር እንደነበር፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው መድረክ ሲወጡ ሴቶች መሐረብ ይወረውሩላቸው እንደነበር፣ አብዮቱ ሲመጣ በመተማ በኩል እንደተሰደዱ ራሳቸው ነግረውናል። ዝፈኑልን ስንላቸው ግን ጉሮሯቸውን ይዘው «ኸላስ፣ አለቀ» ይሉን ነበር።

እንግዳዋ የዚያ ዘፋኝ ልጅ ነበረች። አባቷ ሲሰደድ ገና ጡት አልጣለችም። ሞተ ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠውለታል። ካርቱም ውስጥ በሕይወት አለ ሲባል ሰምታ መጣች፤ ማታውኑ የመመለሻ በረራ ነበራት።

ስትገባ ጋሼ ብድግ አሉ። አልተቃቀፉም። ሁላችንንም፣ ባለ ሻይ ቤቷን ሳይቀር፣ «ልጄ» የሚሉን ሰው እሷን አንዴም ልጄ አላሏትም።

«ያላ ጋሼ! ምነው እንደ ቡሊስ ጣቢያ ተፋጠጣችሁ?» አለ ነጂው።

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ ዞል!» አለችው ባለ ሻይ ቤቷ፤ በዐረቡ አፍ «ሰውዬ» ማለቷ ነው። የጋሼ ዝና የቤቷ ጌጥ ነበር።

እንግዳዋ ከቦርሳዋ ካሴት አወጣች፤ የአባቷ ዘፈን ከሸክላ የተቀዳበት ነው። «እስቲ አብረው ይዝፈኑልኝ» አለች። ባለ ሻይ ቤቷ ድምፁ እንዳይረብሽ ማቀዝቀዣውን አጠፋች። ሙቀቱ ወዲያው ገባ። የላላውን ክር በእርሳስ አጠንክሬ ካሴቱን ከተትኩ።

ጥሩምባው ተነፋ፤ ዘፋኙ ጀመረ። ሁላችንም የጋሼን ከንፈር ነበር የምናየው። አልተንቀሳቀሰም። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ግራ ዘንበል አሉና፣ ከጎናቸው ሰው እንዳለ ሁሉ ፊታቸውን አስጠግተው ተቀበሉ። ድምፃቸው ቀጭንና ንጹሕ ነበር። ዘፋኙ ሲመለስ እሳቸው ዝም፤ አዝማቹ ሲመለስ እሳቸውም ተመለሱ። ያኔ ተቀባዮች ከዘፋኙ ኋላ ቆመው አንድ ማይክሮፎን ይጋሩ ነበር። የጋሼ ገላ የሚያውቀው ያንን ቦታ ብቻ ነው።

«ጉሮሯቸውን ያማቸዋል እኮ» አለች ባለ ሻይ ቤቷ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እንግዳዋ ቴፑን ራሷ አጠፋችው።

«አባቴ አይደሉም።»

«አይደለሁም» አሉ ጋሼ። «ተቀባዩ ነበርኩ።»

«እሱስ?»

«ገዳሪፍ ቀረ። አብረን ተሻግረን ወባ ጣለው። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስሙን ለምን ወሰዱት?» ተነሥታ ቆመች። ነጂው የወንበሩን እግር ቀስ አድርጎ መሬት አስነካ። የምትመታቸው መስሎኝ ነበር።

«አንድ ሰው ተሳስቶ በእሱ ስም ጠራኝ» አሉ ጋሼ። «ስሙ ሲጠራ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ደስ አለኝና ዝም አልኩ። በዚያው ቀረ።»

እንግዳዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ላቧ በአንገቷ ይወርዳል። በመጨረሻ «ሲስቅ እንዴት ነበር?» አለች።

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ። ከደረት የሚወጣ፣ መሐል ላይ ቁርጥ ብሎ እንደገና የሚነሣ ሳቅ ነበር። እሳቸው እንዲያ ሲስቁ ሰምተን አናውቅም። እንግዳዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ይድገሙልኝ» አለች። ደገሙላት።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ዓመት ሳይሞላቸው ሶባ ሆስፒታል አረፉ። እኛም ዛሬ የትም ተበትነናል። ያን ማታ ጋሼ ሲሸኟት ራክሻው አጠገብ ረጅም ጊዜ ቆመው ሲያወሩ በመስኮት አይቻለሁ፤ የተባባሉትን ግን አልሰማሁም። ነጂው፣ አንተ ሞተሩን አጥፍተህ ትጠብቃት ነበር፤ የዐማራቷ ልጅ፣ አንቺም ቦርሳዋን ይዘሽላት ወጥተሽ ነበር። ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ የሰማችሁትን ጻፉልኝ። ይቅር ብላቸው እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።