ከጦር ሰፈሩ ማዶ ያለው ሣር

የተያዝኩት ጥያቄ ጠይቄ ነው። ባጃጅ ገና ነገሌ ቦረና መግባት በጀመረበት ዓመት፣ ስለ አገሪቱ በጀት ሊያወያዩን መምህራንንና የመንግሥት ሠራተኞችን አዳራሽ ሰበሰቡን። መድረኩን የያዙት ሰው ትምህርት፣ ጤና፣ መንገድ እያሉ ዘርዝረው መከላከያ ላይ ሲደርሱ ገጹን ገልጠው አለፉ። እጄን አወጣሁ።

«መከላከያን ዘለሉት» አልኩ። «ደግሞ ከውጭ ሬዲዮ እንደሰማነው፣ የሌላ አገር ወታደሮች እዚህ ቆላው ውስጥ የእኛን ልጆች እያሠለጠኑ ከሆነ፣ ውሉ ምንድን ነው? እኛስ በምላሹ የምንሰጣቸው ምንድን ነው?»

ክፋት አስቤ አልነበረም። እኔ በመከላከያ በጀት ያደግሁ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ ነገሌ ጦር ሰፈር አሥር አለቃ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው፤ የበላሁት ዳቦ የወታደር ዳቦ ነው። አገር ያለ ጠባቂ እንደማይሆን ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም ነበር። ከአዳራሹ ስወጣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው «መምህር፣ ለአንድ ደቂቃ ፈልገንህ ነበር» አሉኝ። ደቂቃዋ ሳምንታት ፈጀች።

የጣቢያው እስር ክፍል ድሮ የጨው መጋዘን ነበር። ግድግዳውን የተደገፈ ሰው ሸሚዙ ላይ ነጭ ዱቄት ይጣበቅበታል። ከሰዓት በኋላ የከተማው ፍየሎች ይመጡና ግንቡን ከውጭ ይልሱታል፤ ውስጥ ሆነን የምላሳቸውን ድምፅ እንሰማለን። መስኮት ስላልነበረ የቀኑን መምሸት የምናውቀው በፍየሎቹ ነበር።

ስገባ ጥግ ላይ አንድ የቦረና ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጥምጥማቸውን በር ላይ ተቀብለዋቸው ኖሮ ራሳቸው ባዶ ነው፤ ሰው ሲገባ በመዳፋቸው ይሸፍኑታል። አንድ እጃቸውን ከራሳቸው ሳያነሱ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ።

«ናጋያ?»

«ናጋ» አልኩ፤ ሰላም ነው ማለት ነው።

«ቤቱ ናጋያ? ከብቱ ናጋያ? መንገዱ ናጋያ?»

ከብት የለኝም፤ የመጣሁበትም መንገድ ሰላም አልነበረም። ቢሆንም ለሁሉም «ናጋ» እያልኩ መለስኩ፤ ነገሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን አያጓድልም። ከዚያ ጉልበታቸውን አቅፈው «ኦዱ?» አሉ።

ኦዱ ወሬ ነው፤ ግን የቡና ቤት ወሬ አይደለም። በዚህ አገር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትን ሁሉ በተራ ይነጋገራሉ። መጀመሪያ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ሣሩ፣ ቀጥሎ የውሃ ጉድጓዱ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ያጋጠመው ሰውና ነገር። ያየኸውን አትዘልም፣ ያላየኸውን አትጨምርም። የሚሰማህ ሰው ከብቱን የሚነዳው በአንተ ቃል ነውና። እኔም ከዝናቡ ጀምሬ እስከ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ እስከ በሩ ነገርኳቸው። ሬዲዮው ጋ ስደርስ ቀና አሉ።

«እሱን ያየሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ተራው የሳቸው ሆነና እሳቸውም ከዝናቡ ጀመሩ። ድርቁ ሲጠና ሣር ሊያስሱ ብቻቸውን ወደ ፊልቱ አቅጣጫ ወርደው ነበር። ከአንድ ቀይ ኮረብታ ጀርባ ድንኳን፣ መኪና፣ የእኛ ወታደሮችና ከፀሐይ ጋር ያልተስማሙ የውጭ ሰዎች አዩ። በየቀኑ ተኩስ ይለማመዳሉ። ከዚያ ማዶ፣ የተኩሱን ሜዳ ካለፉ በኋላ፣ ደህና ሣር አለ። ሲመለሱ ጉድጓድ አጠገብ አንድ የማያውቁት መንገደኛ ኦዱ ጠየቃቸው። ሣሩንም፣ ድንኳኑንም፣ ተኩሱንም እንዳየሁት ነገርኩት አሉ። መንገደኛው ገበያ ላይ ለሌላ ነገረ፣ ያም ለሌላ። ወሬው ዞሮ ዞሮ በውጭ ሬዲዮ ተሰማ። ሽማግሌውን ቤታቸው ሳይደርሱ መንገድ ላይ ያዟቸው።

የተከሰሱት በስለላ ነው። ስለላ ማለት ግን ለሳቸው ተደብቆ የሚሠራ ነገር ነው። እሳቸው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ ውሃ ዳር፣ ሰላምታ ጨርሰው ነው የተናገሩት። ወንጀሉ የቱ ጋ እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም።

የሚያብሰለስላቸው ግን ክሱ አልነበረም። ሣር ፍለጋ የሄዱትን አባቷን የምትጠብቅ ልጃቸው ከከብቶቹ ጋር ብቻዋን ናት። ሣሩ የት እንዳለ አልሰማችም። ሌላ ሰው «ወደ ኮረብታው ሂጂ» ብሎ ግማሹን ብቻ ከነገራት ደግሞ ከብቶቹን ነድታ ቀጥታ ተኩሱ ውስጥ ትገባለች። «ሴት ልጄ ቀጥታ ሂያጅ ናት» አሉኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለታችንንም ወደ ቢሮ ጠሩን። ምርመራውን የያዘው ሻምበል ኦሮምኛ ስለማያውቅ ላስተረጉም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቴፕ ተቀምጧል። ሻምበሉ ትሑት ሰው ነው፤ ለሽማግሌው ወንበር አቀረበላቸው።

«‹አባቴ፣ ቀላል ነው› በላቸው» አለኝ። «የውጭ ወታደር አላየሁም፣ የተባለው ውሸት ነው ይበሉ። እንቀዳውና በሬዲዮ ይተላለፋል። ዛሬውኑ ከብታቸው ጋ ይሄዳሉ።»

ተረጎምኩ። ከራሴም ጨመርኩ፤ «አባቴ፣ ይበሉትና ይውጡ። ልጅዎን አያስቧትም?»

«ስለማስባት ነው» አሉ። «የእኔ ድምፅ ‹ኮረብታው ጋ ማንም የለም› ካለ፣ የሚሰማኝ ሁሉ ከብቱን ወደዚያ ይነዳል። ይህ ቴፑን የያዘው ልጅ ነገ ሣር የት አለ ብሎ አይጠይቀኝም። ከብት ነጂዎቹ ግን ይጠይቁኛል።»

ተናደድኩባቸው። እውነቴን ነው፤ ያን ጊዜ ግትር ሽማግሌ መስለው ታዩኝ። ሻምበሉ ቴፑን ከፈተ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ለቴፑ ሰላምታ ሰጡት። ከዝናቡ ጀመሩ። ሣሩን፣ ጉድጓዱን፣ ኮረብታውን ተናገሩ። የእኛ ልጆች ጀሪካን ተሸክመው ውሃ ፍለጋ ሲሄዱ፣ የእንግዶቹ ውሃ በፕላስቲክ ታሽጎ በአውሮፕላን ሲወርድ አየሁ አሉ። ተኩሱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በእጃቸው አሳዩ፤ ቴፕ እጅ እንደማያይ የነገራቸው የለም።

«ምን አሉ?» አለኝ ሻምበሉ።

«አላየሁም አሉ» ብል ከሰዓት ሳይደርስ ሁላችንም እናርፍ ነበር። ሽማግሌው ግን አፍ አፌን ያዩኛል። ኦዱን ሳያጓድል ለሌላ ማሻገር የሚችል ሰው መሆኔን የሚያዩ መሰለኝ። እንዳሉት፣ በተራ፣ የፕላስቲኩን ውሃ እንኳ ሳልዘልል ተረጎምኩ።

ሻምበሉ ቴፑን ዘጋ። አልተቆጣም። «መምህር፣ አዳራሽ ውስጥ የጠየቅኸውን እኔም ሙሉውን አላውቀውም» አለ። «መሣሪያ ሰጥተውናል፣ ሥልጠና ሰጥተውናል። በምላሹ የጠየቁን አንድ ነገር እንደሆነ ግን አውቃለሁ። እዚህ እንዳልነበሩ እንድንናገር ነው።» ከዚያ ወደ ክፍላችን አስመለሰን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ዋስ ሆነውኝ ተፈታሁ። ሻምበሉ፣ «እዚህ ውስጥ የሰማኸው እዚሁ ይቀራል። አንዲት ቃል ይዘህ ብትወጣ ተመልሰህ ትገባለህ» አለኝ። አባባሉ ዛቻ አልነበረም፤ ሕጉን ነበር የነገረኝ። ሽማግሌው ስሰናበታቸው ምንም አደራ አላሉኝም። «ናጋ» ብቻ አሉኝ፣ መዳፋቸውን ከራሳቸው ላይ አንስተው።

በሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት የወተት ጮጮ ይዛ አፈር ላይ ተቀምጣለች። አባቷን እንድታይ አልፈቀዱላትም፤ ወተቱንም አልተቀበሏትም። ጫማዋ በቀይ አፈር ተሸፍኗል። አጠገቧ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ዘበኛ ቆሟል። ከውስጥ መምጣቴን ስታይ ተነሣች።

«ናጋያ?»

«ናጋ።»

«አባቴስ ናጋ?»

«ናጋ ናቸው።»

ከዚያ ዘበኛውን አየችው፣ እኔን አየችኝና ቀስ ብላ፣ «ኦዱ?» አለች።

አውቶቡስ መናኸሪያው ቅርብ ነበር። ራሴን ነቅንቄ ባልፍ የሚወቅሰኝ አልነበረም። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ዘበኛው እየሰማ፣ በኦሮምኛ፣ ከዝናቡ ጀመርኩ። ሣሩን፣ ጉድጓዱን፣ ቀዩን ኮረብታ፣ ድንኳኖቹን፣ የውጭ ሰዎቹን፣ ተኩሱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ። ኮረብታውን በስተግራ ርቀሽ ዙሪ፣ ሣሩ ከጦር ሰፈሩ ማዶ ነው አልኳት። የተዘጋውን ቴፕና የአባቷን መልስም ነገርኳት፤ እሱም ያየሁት ነውና። አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጮጮውን አቀበለችኝ። ጠጣሁ፤ ሞቅ ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል ወተት ነበር።

ዘበኛው ይይዘኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ ግቢው ዞር ብሎ ማንም እንደሌለ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በራሱ ኦሮምኛ ጠየቀኝ።

«በስተግራ ነው ያልከው? የእናቴም ከብቶች ወደዚያው እየሄዱ ነው።»

«በስተግራ» አልኩት። «ርቀው ይዙሩ።»

ሽማግሌው ዝናቡ ከገባ በኋላ ተፈቱ። ከብቶቹ ከስተው ነበር፤ ሆኖም ተርፈው ጠበቋቸው። አሁን እሳቸው በሕይወት የሉም። እኔ ነገሌ ነኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። በቴሌቪዥን በጀት ሲጸድቅ፣ ባለሥልጣኖች ከውጭ እንግዶች ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ፈርመው ሲጨባበጡ አያለሁ። ጭብጨባው ይሰማል፤ በውሉ ምን እንደተባለ ግን አይነገርም። ያኔ ሳላስበው «ኦዱ?» እላለሁ፣ ባለቤቴም ማንን እንደማናግር አትጠይቀኝም።