ሃያ ዓመት በ"እርስዎ"

ድራሆሚራ ሺፖሾቫ ቁጭ ብላ የተረጎመችው አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። ወንበር ሲሰጧት ቦርሳዋን ታስቀምጥበታለች። እሷ ራሷ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ኮሪደሩ፣ ሲብስባትም እስከ ምድር ቤቱ ቡፌ ድረስ ትመላለሳለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቷ አየር ላይ ይጽፋል። የማያውቃት ሰው አበዳሪ የሚያሳድዳት ይመስለዋል። የሚያሳድዳት እንግሊዝኛ ነው።

ሥራዋ የውጭ ተከታታይ ፊልሞችን ለቴሌቪዥን ወደ ስሎቫክኛ መመለስ ነው፤ ብራቲስላቫ ውስጥ፣ ጣሪያው በሚያፈስ፣ ማሞቂያው ሙቀቱ በሚጠናበት በሐምሌ ብቻ በሚሠራ ስቱዲዮ። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ድምፅ የምቀዳ ሰው ነኝ። እዚህ "እሷ" እላታለሁ፤ ፊት ለፊት "አንቺ" ማለቱን ግን አልሞከርኩትም፣ አልሞክረውምም።

"ከባድ ቃል ስጡኝ" ትላለች። "የልብ ቀዶ ሕክምና፣ የመርከብ ሞተር፣ የፍርድ ቤት ሙግት፤ መዝገበ ቃላት አለው፣ ይገላገሉታል። እኔን የሚገድለኝ ትንሹ ነው።"

ትንሹ ማለት እንደ እንግሊዝኛው "ጌት" (get) ያለው ቃል ነው። አንድ ሰውዬ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ከአልጋው "ጌት" ብሎ ይነሣል፣ ስልኩን "ጌት" ያደርጋል፣ የሚስቱን ቀልድ "ጌት" አያደርግም፣ ጉንፋን "ጌት" ያደርጋል፣ በመጨረሻም ከቤቷ "ጌት" ብሎ እንዲወጣላት ትጮኽበታለች። አንዲት አህያ የመንደሩን ጭነት ሁሉ ተሸክማ ስትዞር አስቡ። ዓለምን የገዛው ቋንቋ ይህ ነው! ድሆች ነን የምንባለው እኛ ግን ለእያንዳንዱ ጭነት የራሱ በቅሎ፣ ለእያንዳንዱ በቅሎ የራሱ ነጂ፣ ለነጂውም ደግሞ ተቆጣጣሪ አለን። ድራሆሚራ በበቅሎዎቹ ጋጣ ውስጥ ስትሮጥ ነው ጸጉሯ የሸበተው።

እሷ ትርጉሙን ታመጣለች፤ አቶ ጌይዛ ላውኮ ደግሞ ቃሉን በተዋናዩ አፍ ልክ ይሰፋዋል። ከንፈር በተገጠመበት ቦታ ከንፈር የሚያስገጥም ድምፅ፣ አፍ በተከፈተበት ሰፊ ድምፅ ያኖራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የክራባቱ ቋጠሮ እንደ ለውዝ የጠበቀ፣ በስምንት ዓመት የሚበልጣት ሰው ነው። እሱ እንደ ሐውልት ይቀመጣል፤ እሷ እንደ ዝንብ ትዞረዋለች።

"ወይዘሮ ድራሆሚራ፣ ሰውዬው አፉን ዘግቷል። እርስዎ ግን እየጮኸ እንዲስቅ አድርገውታል።"

"እንግዲህ አፉን ይክፈቱለት፣ አቶ ጌይዛ!"

"የጥርስ ሐኪም አይደለሁም።"

ሃያ ዓመት ገደማ እንዲህ ኖሩ። ምሳ አብረው በሉ፤ እሱ ተቀምጦ፣ እሷ ቆማ። እናቷ ስትሞት ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ ከመቃብሩ ሲመለሱም "እርስዎ ይበርድዎታል፣ ኮቴን ይልበሱ" አላት። ኮቱን ለበሰች። "እርስዎ" ግን እንዳለ ቀረ።

በእኛ አገር ሰውን ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" ማሻገር እንደ ድንበር ማሻገር ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ፖሊሱ ግን ሁሉም ሰው ነው። ታላቅ ለታናሽ ይፈቅዳል። ሴት ለወንድ ትፈቅዳለች። ፈቃዱ ሲሰጥ ብርጭቆ ይነሣል፣ ክንድ በክንድ ይቆለፋል፣ ይጠጣል፣ ጉንጭ ይሳማል፣ የመጠሪያ ስም ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ለሕይወት ዘመን ነው፤ ቢጣሉም አይመለስም። ታዲያ ታላቁ ወንድ፣ ሴቷ ታናሽ ስትሆን ማን ይጀምር? እዚህ ላይ ያ ሁሉ የጨዋነት ሊቅ አፉ ይለጎማል። አቶ ጌይዛ ሴቲቱ ትፍቀድ ብሎ ጠበቀ። ድራሆሚራ ታላቁ ይፍቀድ ብላ ጠበቀች። ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ "ይለፉ"፣ "የለም፣ እርስዎ ይለፉ" ሲባባሉ ሃያ ዓመት ቆሙ፤ እቤት ውስጥ ሾርባው ቀዘቀዘ። ጨዋነት ያሉት ነገር ፈሪ ሰው እሑድ የሚለብሰው ልብስ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

በጥቅምት መጨረሻ አቶ ጌይዛ ጡረታ እንደሚወጣና ባርዴዮቭ፣ እህቱ ዘንድ እንደሚጠቃለል ተናገረ። ባርዴዮቭ የአገሪቱ ሌላው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፖላንድ ነው። የያዝነው ተከታታይ ሦስተኛ ክፍል ሲያልቅ ይሄዳል።

ድራሆሚራ ያን ቀን ቡፌው ውስጥ የዓሣ ሰላጣዋን በዳቦ እየዛቀች፣ እንደ ልማዷ ቆማ፣ በእኔ ላይ ወረደችብኝ።

"'እርስዎ' እንዳለኝ ሊሄድ ነው! ገብቶዎታል? ሃያ ዓመት አፍ ለአፍ ሠርተን፣ እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛና እንደ ደንበኛ ልንሰነባበት! ባርዴዮቭ ገብቶ ስለ እኔ ሲጠየቅ ምን ሊል ነው? 'አንዲት ወይዘሮ ነበሩ' ሊል ነው?"

"ታዲያ እርስዎ ይጀምሩዋ።"

"እኔ? በስምንት ዓመት የሚበልጠኝን ሰው? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩዎት?"

ዳቦዋን ግማሽ ላይ ትታ ወጣች። ደረጃውን ስትወጣ፣ ስትወርድ፣ እንደገና ስትወጣ ሰማኋት።

ጉዳዩን ያባባሰው ፊልሙ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንዲት መርማሪ ፖሊስና አንድ የአስከሬን ሐኪም አሉ፤ ሦስት ክፍል ሙሉ እየተፋቀሩ እንዳልተፋቀሩ ይሆናሉ። አሜሪካኖቹ ምን ቸገራቸው? ለሁሉም የምትሆን አንዲት "ዩ" አለቻቸው። ለውሻውም "ዩ"፣ ለዳኛውም "ዩ"፣ ለፍቅረኛም "ዩ"። እኛ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ትዕይንት ላይ፣ ሴትየዋና ሰውየው "አንተ" እና "አንቺ" መባባል እንዲጀምሩ መወሰን አለብን፤ ወሳኟ ደግሞ ድራሆሚራ ናት። በመጨረሻው ታሪክ ሐኪሙ ጋራዥ ውስጥ እጁን ይቆረጣል፣ መርማሪዋ በሻርፕዋ ታስርለታለች። ድራሆሚራ እዚያ ላይ "አንተ" ብላ ጻፈች። አቶ ጌይዛ በእርሳስ ሰረዘው።

"ይህ ሊሆን አይችልም፣ ወይዘሮ ድራሆሚራ። መቼ ተፈቃቀዱ? አልጠጡም እኮ።"

"እጁ እየደማ ነው፣ አቶ ጌይዛ! ደሙን እያሰረችለት 'እርስዎ' ትበለው?"

"ደም መጠጥ አይደለም።"

"ሦስት ክፍል ሙሉ አብረው ሬሳ ሲያገላብጡ ኖረዋል!"

"ሬሳ ሥራ ነው። ተመልካች ይደውላል፤ ባለፈው ፊልም ቄሱ ጎረቤቱን 'አንተ' ቢለው ስንት ሰው ደወለ?"

"ይደውላ! እኔ ተመልካቹን አልጠየቅሁም። እርስዎን ነው የጠየቅሁት።"

አቶ ጌይዛ እርሳሱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለ። "እኔ... ሴትየዋ ትጀምር እላለሁ።"

"ይበልጣታል!"

"ቢበልጣትም።"

"ይበልጣታል አልኩ እኮ!"

እኔ ንጹሕ የነበረውን ማይክሮፎን መወልወል ጀመርኩ።

ሪሾ የገባው በዚህ መሃል ነው። ሪሾ አዲሱ አለቃችን ነው፤ የአቶ ጌይዛን ግማሽ ዕድሜ ያህላል። ውጭ አገር አንድ ኮርስ ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ በረኛውንም የጽዳት ሠራተኛዋንም "አንተ"፣ "አንቺ" ይላል። ቤተሰብ ነን ይለናል፤ ደመወዝ ሲቆረጥ ግን የእንጀራ ልጆች እንሆናለን።

"እናንተ ሁለት አረጋውያን፣ አሁንም እየተፋታችሁ ነው?" አለ። "መጀመሪያ ተጋቡ እንጂ!"

ድራሆሚራ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ወጣች። ትራም ይዛ እስከ ራቻ፣ እስከ መጨረሻው ማቆሚያ ሄደች፤ ሳትወርድ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። ትራም ነጂው "ወይዘሮ፣ የጠፋ ነገር አለ?" ብሎ እንደጠየቃት በማግሥቱ ነገረችኝ። "አለ" አለችው። "ልጠራው የማልደፍረው።" ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ግን በ"እርስዎ" ቀሩ። ደም እየፈሰሰ፣ ሻርፕ እየታሰረ፣ "አመሰግንዎታለሁ"።

የስንብቱ ቀን ምድር ቤቱ ቡፌ ውስጥ ተሰበሰብን። እንቁላልና ማዮኔዝ የተከመረበት ቁራጭ ዳቦ፣ ኮምጣጣ ኪያር፣ ኮፎላ የሚባለው ለስላሳ ለሹፌሮች፣ ቦሮቪችካ ለተቀረው። ቦሮቪችካ የጥድ ፍሬ አረቄ ነው፤ ጉሮሮን ይላጫል፣ ምላስን ይፈታል ይባላል። አቶ ጌይዛ አዲስ ክራባት አስሯል፤ ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። ድራሆሚራ በግድግዳው በኩል ትመላለሳለች። ስታልፍ ብርጭቆዋን ታነሣለች፣ ስትመለስ ታስቀምጣለች። ዛሬ ካልሆነ እንደማይሆን ቡፌው ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ዳቦ የምታቀርበዋ ሴት እንኳ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ትጠብቃለች።

አቶ ጌይዛ ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ እርምጃ ወደ ድራሆሚራ ተራመደ። እሷም መመላለሷን አቆመች፤ እንዲህ ቀጥ ብላ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ይህኔ ሪሾ መሃላቸው ዘው አለ።

"ጌይዛ!" ብሎ ትከሻውን ጠፈጠፈው። "ይህን ሁሉ ጊዜ 'ጌታዬ'፣ 'እርስዎ' ስትለኝ ኖርህ። ይበቃል! እኔ ሪሾ ነኝ። ና፣ እንጠጣ!"

አለቃ ለበታች ፈቀደ፤ ሕጉ ይህንንም ያውቃል። ያ ምላጭ እንኳ በቅጡ ያልለመደ አፍ፣ ሽበታሙን ሰው ክንዱን ቆልፎ አጠጣው፣ ጉንጩን ሳመው። አቶ ጌይዛ ጠጣ። "ጌይዛ" አለ በቀጭን ድምፅ፣ ስሙን ለፖሊስ እንደሚሰጥ ሰው። ጭብጨባ ሆነ። ድራሆሚራ ብርጭቆዋን በኮምጣጣው ኪያር ሳህን ውስጥ አስቀምጣ ወጣች። እሱም ተከተላት። በሩ አልተዘጋም፤ እኛም ጆሮ ሰጠን። መስማት ነውር ነው የሚል ካለ ራሱ እዚያ ቢሆን ኖሮ ጆሮውን በጥጥ ይደፍን ነበር ወይ?

"ለዚያ ቡችላ!" አለች ደረጃው ላይ።

"ጠየቀኛ።"

"ጠየቀኝ ይላሉ! ለካ የሚጠየቁ ሰው ነዎት!"

"በሰው ፊት ላሳፍረው?"

"እኔንስ? ሃያ ዓመት ያሳፈሩኝን?"

"ወይዘሮ ድራሆሚራ፣ እርስዎ ሴት ነዎት። ፈንታው የእርስዎ ነበር። በየዓመቱ የስምዎ ቀን ሲከበርና ሲጠጣልዎ፣ ብርጭቆዬን ከሰው ሁሉ በኋላ ነበር የማስቀምጠው። አላዩም?"

"አይቻለሁ! እጅዎ የሚዘገይ መስሎኝ ነበር!"

"እየጠበቅሁ ነበር።"

"እኔም እርስዎን ስጠብቅ! ታላቅ እርስዎ!"

"ሴት እርስዎ!"

"ጌይዛ! አንተ ደረቅ ግንድ!"

ቡፌው ውስጥ አንድ ሰው ሹካ ጣለ።

"ብርጭቆ አልያዝንም እኮ" አለ አቶ ጌይዛ።

"አትያዝ!"

"አንቺ..." አለና ቆመ። እንደገና ሞከረ። "አንቺ ሁልጊዜ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ታስረዝሚዋለሽ። ሃያ ዓመት ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።"

አልተቃቀፉም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የምናየው በምንተረጉመው ፊልም ውስጥ ብቻ ነው። ድራሆሚራ ካፖርቷን ለመውሰድ ስትገባ ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ማናችንንም አላየችም። ሪሾ "አያችሁ፣ በረዶውን እኔ ሰበርኩት" አለ። ዳቦ አቅራቢዋ ሳህኑን ከእጁ ቀማችው።

ሻንጣውን ይዤ እስከ ጣቢያው አብሬያቸው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ትሰድበው ነበር። "ይህን ክራባት ማን መረጠልህ? እህትህ ቅባት የበዛበት ምግብ ነው የምትሠራው፣ አትብላ። 'ራይት' የምትለዋን ቃል ሁልጊዜ ትቆርጥብኝ ነበር፤ አንዴ 'ልክ ነው' ነበረች፣ አንዴ 'እሺ'፣ አንዴ 'ወይኔ ጉዴ'፤ አንተ ግን አፍ አልገጠመም እያልህ!" አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሰው "አንተ"ውን እያነከሰችበት ትሄድ ነበር፤ አንዴ "አንተ ይሂዱ" ብላ ራሷን በጥፊ ልትመታ ደረሰች። እሱ ባቡሩ መስኮት ላይ ሆኖ ሲሰማት እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። አብራው ተራመደች፣ እያወራች፤ መድረኩ እስኪያልቅ አወራች፤ መጨረሻ ላይ እሱም ከመስኮቱ አንድ ነገር ጮኸላት።

"ምን አሉዎት?" ብላ ከኋላችን የቆመች አንዲት ሴት ጠየቀቻት፣ የሚያለቅስ ሰው የምታጽናና መስሏት።

"ነይ አለኝ" አለች ድራሆሚራ። "በፋሲካ። እንዲህ ነው የሚለው፤ ነይ።"

በሳምንቱ መጀመሪያ ሥራ ገባች። በአቶ ጌይዛ ቦታ ጆሮ ማዳመጫ አንገቷ ላይ የሰቀለች ልጅ ተቀምጣለች፤ ጎበዝ ናት፣ ሪሾ የወሰደውን ያንኑ ኮርስ የወሰደች። "ሃይ ድራሆሚራ!" አለቻት። "አንቺ ወንበር አትፈልጊም?"

ድራሆሚራ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አኖረች።

"'እርስዎ' ይበሉኝ" አለቻት። "እኔም 'እርስዎ' እልዎታለሁ። 'አንቺ' የሚለኝ ሰው ባርዴዮቭ ነው ያለው።" ከዚያም አራተኛውን ክፍል ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ፋሲካ ሩቅ ነበር፤ መርማሪዋ ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ "ጌት" ብላለች።