የቢጫዋ መብራት ሐኪሞች

በሰው አገር ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ መኪናዬ ውስጥ እንደገባሁ ነው ወንድሜ የደወለው። እንዴት አደርሽ የለ፣ እግዜር ይመስገን የለ።

«እታለም፣ መኪናይቱ አለቀላት።»

«ተጋጨህ?»

«ኧረ እኔስ ደኅና ነኝ። ቢጫ መብራት አበራች። የሞተር ሥዕል ያላት።»

«ቆመች?»

«አልቆመችም፣ ትሄዳለች።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያለቀላት?»

«የቡሬው መካኒክ ነው ያለኝ» አለ፣ የሐኪም ቃል እንደሚጠቅስ ሰው።

መኪናይቱ ሃይብሪድ ናት፤ ግማሽ በቤንዚን፣ ግማሽ በባትሪ የምትሄድ። ነዳጅ በጠፋበት አገር ይሻላል ብለን ከወንድሜ ጋር ተጋግዘን ገዛናት። እሱ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ኮንትራት ይሠራባታል። እኔ ግን የገዛኋት ለእናቴ ነው። እናቴ አንድ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው ባሕር ዳር በየጊዜው እየታየ የውስጥ ግፊቱ ካልተለካ እሱም እንደሚከተል ሐኪሟ ቁርጡን ነግሯታል። መንገዱ ክፍት የሆነ ቀን ተነሥቶ የሚያደርሳት መኪና ከሌለ ቀጠሮው ያልፋል። ስለዚህ ቢጫ መብራት በራ ሲለኝ የታየኝ ሞተር አይደለም፣ የእናቴ ዓይን ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም እንግዲህ የቡሬው ነው። ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠና «ሞተሩ ድምፅ የለውም፣ እየሞተ ነው» አለ። ሃይብሪድ መኪና ሲቆም ሞተሩን ራሱ ያጠፋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ሰውየው የተኛን ሰው «ሞቷል» ብሎ የሚያስለቅስ ዓይነት ነው። ሞተሩን ከሞት ለማስነሣት እሳት የሚጭሩለትን ካንዴላዎች በሙሉ ቀየረለት። መብራቷ እንደበራች ቀረች።

ሁለተኛው ሐኪም የፍኖተ ሰላሙ ነው፤ ይኼኛው ኮምፒዩተር አለው። ሽቦውን ሰካ፣ አየ፣ መብራቷን አጠፋ። ወንድሜ የምስጋና ድምፅ ላከልኝ። ቡሬ ደርሶ ሳይመለስ እንደገና በራች። ሄደ፣ ተሰካ፣ ጠፋ። ደግሞ በራች።

«ምን አገኘሁ አለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አጠፋሁልህ ነው ያለኝ።»

«ምን የሚለውን ነው ያጠፋው?»

«እሱንስ አልጠየቅኩትም።»

የንስሐ አባት እንኳ ኃጢአቱን ሳይሰማ አይፈታም። ይህ ግን ሳይሰማ ይፈታል፣ ይፈታል፣ አሁንም ይፈታል።

በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ መብራቷ ጠፋች አለኝ። ድምፁ ደስ አላለኝም። በቪዲዮ አሳየኝ አልኩት። ካሜራውን ወደ ሰማይ፣ ወደ መሪው፣ ወደ ራሱ ጉልበት ሲያዞር ቆየና በመጨረሻ ዳሽቦርዱ ታየኝ። መብራቷ በነበረችበት ቦታ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ተለጥፏል።

«ሰማዕቱን ነው መብራት መሸፈኛ ያደረግኸው?»

«ጠባቂ ይሆነኛል ብዬ ነው እንጂ፣ እታለም።»

«ከምን ነው የሚጠብቅህ? ከማየት?»

ሥዕሉን አስነሣሁት፤ ከፍ ያለና የሚገባው ቦታ እንዲሰጠው አደረግሁ። መብራቷ እንደበራች ነበረች። ሥዕሉ መኪና ውስጥ መኖሩ አይደለም ያናደደኝ። እኛ ሰዎች መስማት ያልፈለግነውን ነገር ቅዱሳን እንዲያፍኑልን መጠየቃችን ነው።

ከዚያ ደላላው ገባ። የኮምፒዩተሩ ሰው «ትልቁ ባትሪ ሞቷል» አለ፤ ደላላው ደግሞ ሬሳውን ለመለዋወጫ የሚገዛ ሰው አገኘሁ ብሎ ከተፍ አለ። ከሽንዲ እህል ጭኖ የመጣ ነጋዴ ሳይቀር «እኔ ብሆን ዛሬውኑ እሸጣት ነበር» ብሎ መክሯል። መኪና የሌለው ሰው ምክሩ አያልቅም። ወንድሜም «ገዢው ሰኞ ይመጣል፤ ጨርሶ ሳትሞት ብንሸጣት ይሻላል» አለኝ።

«እማዬን በምን ልትወስዳት ነው?»

ደላላው የጠራለትን ዋጋ ይነግረኝ ጀመር።

«ስማኝ። አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ ሰው ጋራዥ ሂድ። ማሽኑ ላይ የሚወጣውን የብልሽት ኮድ ሳያጠፋው ፎቶ አንሣና ላክልኝ። ጣቱን ከማሽኑ ላይ እንዲያነሣ ንገረው።»

እዚያ እስኪደርስ ስልኩን አልዘጋውም ነበርና የጋራዡን ወሬ ሰማሁት።

«እትህ መካኒክ ናት?»

«ኧረ አይደለችም፤ ፈረንጅ አገር አሮጊት ነው የምትጠብቅ።»

ሳቁ ጆሮዬ ድረስ መጣ። እውነታቸውን ነው፣ አሮጊት ነው የምጠብቅ። አሮጊቷ ደግሞ ውሻ አላት፤ ውሻው ከኋላ ወንበር ካልተቀመጠ ሐኪም ቤት አትሄድም። የእኔም መኪና ያችው ዓይነት ሃይብሪድ ናት። ባለፈው ዓመት ቢጫዋ መብራት ስትበራብኝ የዚህ አገር መካኒክ ከኋላ ወንበሩ ጎን ካለች ወንፊት ውስጥ አንድ እፍኝ የውሻ ጠጉር አውጥቶ አሳይቶኛል። ትልቁ ባትሪ ቀዝቃዛ አየር የሚስበው በዚያች ወንፊት በኩል ነው።

ፎቶው መጣ። የኮዱን ትርጉም ፈልጌ አነበብኩት፤ የትልቁ ባትሪ ማቀዝቀዣ በቂ አየር አላገኘም ይላል። ሞቷል የሚል የለበትም። ሰውየው ባትሪ የምትለዋን አይቶ ሌላውን ለማንበብ አልደከመም።

«የኋላውን በር ክፈት። በቀኝ በኩል፣ ወንበሩ ጎን ዝቅ ብሎ፣ ወንፊት አለች?»

«ወንፊት የለም። ጨርቅ ነው ያለ።»

«አውጣው።»

ጎትቶ አወጣውና ለካሜራው አሳየኝ። ከአሮጌ ነጠላ የተሠራች፣ ጥጥ የተጠቀጠቀባት፣ ለቦታው ልክ ተለክታ የተሰፋች ትንሽ ትራስ ናት። ስፌቱን ሳየው አወቅኩት፤ ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ ደርቦ የሚቋጭ ሰው በቤታችን አንድ ነው። የልጅነት ቀሚሴ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚቋጨው።

እናቴ የምትቀመጠው በቀኝ በኩል ነው። ወንፊቷ በጎኗ ሽው ስትልባት ብርድ ገባኝ ብላለች። አገሬው እንደሆነ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በላብ ይጠመቃል እንጂ መስኮት አያስከፍትም። እናቴ ደግሞ ዓይኗ ከታከመ ወዲህ ነፋስ ስትፈራ ለጉድ ነው። ማንንም ሳታስቸግር መርፌዋን አንሥታ ብርዱን ዘጋችው።

ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። «ባልቴቷ መኪናዋን አንቀው ሊገድሏት!» አለ አንዱ። ደላላውም ስቋል፤ የመጣለት ሲሳይ ሲያመልጠው ሌላ ምን ያድርግ? ዕቃ ሊገዛ ከቡሬ መጥቶ የተገኘው፣ ሞተር በጆሮው የሚመረምረው ሳቀ፣ ሳያነብ የሚያጠፋውም ሳቀ። አንዲት አሮጊት በአንድ ዓይኗ ያየችውን ቀዳዳ እነሱ በአራት ዓይን አላዩትም።

የባትሪውን ማቀዝቀዣ ማራገቢያ አጸዱ፣ ኮዱን አጠፉ፤ አሁን መጥፋቱ ተገቢ ነው። መኪናይቱ ሳትሸጥ ቀረች፣ እናቴም ለቀጠሮዋ ባሕር ዳር ደረሰች። ግፊቱ አልጨመረም አሏት። ማታ ደወልኩላት።

«መኪናይቱ ተሻላት አሉኝ» አለች። «ተመስገን! እኔማ ታማለች ሲሉኝ፣ በእኔ ምክንያት እንዳይብስባት ብዬ መሄዱን ልተወው ነበር።»

«በአንች ምክንያት አይደለም፣ እማዬ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ውሸቱ እሁድ እሁድ ቆሜ ከማስቀድሰው ጋር አልስማማ አለኝ። «አሁን ደኅና ናት» ብቻ አልኳት። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ በቀኝ በኩል ፀሐይ አለ እያለ በግራ ያስቀምጣታል።

እንግዲህ የዚያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ለነበራችሁ ነው የምለው፤ ለካንዴላው፣ ለኮምፒዩተሩ፣ ለደላላው፣ ለሳቃችሁ ሁሉ። ስለ እመቤታችን ብላችሁ ለእናቴ አትንገሯት። መኪናዋን ያሳመምኳት እኔ ነኝ ካለች ዳግመኛ አትሳፈርም፤ ዓይኗም በዚያው ይቀራል። ዋሹ አላልኩም፣ ዝም በሉ ነው ያልኩ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ የሚያነብላት ግን አይጠፋም። ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ከሆነ፣ ይህን እባክህ ዝለልላት።